አንድ ቁጥር የጎደለው ጥሪ

ልጅ ሳለሁ ብዬ ስጀምር እናቴ ትስቅብኛለች። «አሁንስ ምን ሆንሽና?» ትለኛለች። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ግን ስምንት ዓመቴ የነበረበት ጊዜ ዛሬ ሳስበው በጣም ይርቀኛል። ያኔ የነበረችው ልጅ ሌላ ሰው ትመስለኛለች፤ እሷ ለሠራችው ነገር ግን ተጠያቂዋ እስከ ዛሬ እኔው ነኝ።

ያኔ የምንኖረው ኦቴሎ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እማዬ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። ሺፍቷ ከቀትር በኋላ ስለሚጀምር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ወደ ቤታችን ሳይሆን ከኮሪደሩ ማዶ ወዳለው ወደ አባባ ሃብቴ ቤት ነው። አባባ ሃብቴ ዘመዳችን አይደሉም። አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ የስልክ ገመድ ሲቀጥሉ አርባ ዓመት ኖረው፣ በስተርጅና ልጃቸው ወደዚህ ሰው አገር ያመጣቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው ለሥራ ሌላ ስቴት ሲሄድ እሳቸው እዚሁ ቀሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊቴን የሚያዩት እንደ ጥላ ነው። ጆሯቸው ግን ስል ነው፤ ሊፍቱ የትኛው ፎቅ ላይ እንደቆመ ቤታቸው ተቀምጠው ይነግሩኝ ነበር። «ጓለይ» ይሉኛል፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ ዓይን አፋር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ስትጠራኝ ድምፄ ይጠፋል። እሳቸው ቤት ግን መናገር አይጠበቅብኝም፤ ማዳመጥ ብቻ ነው።

አባባ ሃብቴ ተረት አያውቁም። የጅብና የአህያ፣ የጦጣና የአንበሳ ይንገሩኝ ስላቸው «እሱን እናትሽ ትንገርሽ» ይላሉ። እሳቸው የሚያውቁት የሽቦ ነገር ነው። ቶሎ በሚመሽበትና ዝናቡ መስኮቱን በማይለቅበት ወራት የጣሪያውን መብራት ያጠፉና ትንሿን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሰካሉ። በማሞቂያዋ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ቀስ በቀስ እንደ ፍም ይቀላሉ፤ በላያቸው ያረፈው አቧራ ሲቃጠል ደግሞ ቤቱ ትንሽ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል። እኔ ምንጣፉ ላይ እግሬን አጥፌ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው እጃቸውን እያሞቁ ይጀምራሉ።

አባታቸው ወጣት በነበሩበት፣ ጣሊያን ኤርትራን በያዘበት ዘመን፣ የቴሌግራም ምሰሶ የሚመጣው በመርከብ ነበር አሉኝ። ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚወጣው በግመል ነው፤ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ምሰሶ ይጫናል። መንገዱ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲጠማዘዝ የምሰሶው ጫፍ ድንጋዩን ይገፋዋል፤ ድንጋዩ መልሶ ግመሉን ይገፋዋል፤ ግመሉ ከነጭነቱ ይወርዳል። ስለዚህ በየጠመዝማዛው አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ጫፉን በትከሻው ያዞራል። አባታቸው እንጀራ ብለው የጀመሩት ይህን ሥራ ነው። ምሰሶው ተተክሎ፣ አናቱ ላይ ሽቦው የሚያርፍበት ነጭ ስኒ ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ ሽቦው ተዘረጋ። መጀመሪያ የመጣው የሚንኳኳው ቴሌግራም ነው። ቆይቶ በየሹማምንቱ ቢሮ እጀታው እየተዘወረ የሚደወለው ስልክ መጣ። ከዚያ ያለ ሽቦ የሚናገረው ረጅሙ ማማ ቆመ። «ለእናንተ ሁሉም ባንድ ቀን የወረደ ይመስላችኋል» ይሉ ነበር፤ «እያንዳንዱ ግን ትከሻ ልጧል።»

ያኔ ሽቦው ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ ሽቦው በተንኳኳ ማግስት ወታደር ወደ መንደር ይወጣል። ባሕር ተሻግሮ ለጣሊያን የሚዋጋ ወጣት ይመለምላል፤ እምቢ ያለውን አስሮ ይወስዳል። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ሽቦውን ይቆርጠዋል። የተቆረጠበት መንደር ደግሞ በሙሉ ይቀጣል።

«ታዲያ አባትዎ ለምን ይዘረጉት ነበር?» አልኳቸው።

«እንጀራ ይበሉበት ነበራ።»

«ሽቦው መጥፎ ከሆነ…»

«እኔስ በሽቦ አይደል ልጆቼን ያሳደግሁት? ሽቦ ምን አጠፋ?»

ተምታታብኝ። እንዲህ ሲምታታብኝ ደስ ይላቸዋል መሰለኝ፤ ድምፃቸው ይሞቃል።

ከሁሉም የበለጠ ያምታታኝ ግን የአባታቸው የመጨረሻ ሥራ ታሪክ ነው። ምሰሶ ተሸክመው ጀርባቸው ሲጎዳ የቴሌግራም ክፍሉን ወለል እንዲጠርጉ ተቀጠሩ። ያኔ ለአገሬው ልጅ ከጥቂት ክፍል በላይ መማር አይፈቀድም ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከነጭራሹ አልተማሩም። ግን እየጠረጉ ሲውሉ ኳኳታውን ይሰማሉ፤ ወዲያው ጣሊያናዊው ጸሐፊ የመጣውን ቃል ጮክ ብሎ ለአለቃው ሲያነብ ይሰማሉ። በዓመት በሁለት ዓመት ጆሯቸው ኳኳታውን ከቃሉ አገናኘው። ወረቀቱ ሳይነበብ በፊት ምን እንደሚል ያውቁ ጀመር። ወለል ጠራጊ ጆሮ አለው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

አንድ ቀን ወሬው ስለ ሚስታቸው መንደር ሆነ። ሽቦ የቆረጡትን ወጣቶች ለመያዝ ወታደሮች በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ ይላል። መንደሩ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሄደው ቢያስጠነቅቁ ማን እንደነገረ ይታወቃል፤ ራሳቸው ይታሰራሉ። ዝም ቢሉ የሚስታቸው ወንድሞች ይወሰዳሉ። መጥረጊያውን እንደያዙ ቆሙ።

አባባ ሃብቴ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ዝም ይላሉ። ከዚያ «መጥረጋቸውን ቀጠሉ» ይሉኛል።

ግን ይህን ታሪክ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሌላ ሰው ነበር፤ አስመራ ያሉት እኅታቸው እማማ አብረኸት። ከአባባ ሃብቴ በአራት ዓመት ያንሳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደወልላቸዋል። የምደውለው እኔ ነኝ፤ አባባ ቁጥሮቹን ማየት አይችሉም። መጀመሪያ የካርዱን፣ ከዚያ የአገሩን፣ ከዚያ የቤታቸውን ቁጥር እየነካሁ ስፒከር አደርገዋለሁ። እማማ አብረኸትም ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ፣ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ይነታረኩ ነበር።

«ለልጅቷ ውሸት እየነገርክ ነው አሉ» ይላሉ እማማ አብረኸት። «አባቴ መጥረጊያውን ጥሎ ነው የሄደው። ሚስቴን ምጥ ይዟታል ብሎ ፈቃድ ጠይቆ፣ በጨለማ ሄዶ ነገራቸው። ወታደሮቹ ሲደርሱ ያገኙት ሽማግሌና ዶሮ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ነዋ። አንተም አጠገቤ ነበርክ።»

«አጠገብሽ ስለነበርኩ ነው የማውቀው። አንቺ ተኝተሽ ነበር።»

«ታዲያ በሠርጌ ቀን ያ ሁሉ የእናታችን አገር ሰው ለምን መጣ? ዝም ላለ ሰው ነው እንዴ ሙክት የሚነዳ?»

«ለእናታችን ብለው ነው የመጡት።»

«ሽማግሌ ሆነህም ጭንቅላትህ ያው ግንድ ነው።»

ይስቃሉ። ካርዱ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ግን አልስቅም። ሁለት ሰዎች አንድ ምሽት፣ ከአንድ አባት አፍ የሰሙት ነገር እንዴት ሁለት ይሆናል? ደግሞ ሌላም ያልገባኝ ነበር። አባባ ሃብቴ ገመድ ሲፈትሹ የስንቱን ሰው ወሬ እንደሰሙ፣ አንዱንም ግን ለሚስታቸው እንኳ እንዳልተናገሩ በኩራት ያወሩኛል። «መስመር ላይ ያለ ሰው የሰማውን አያወጣም» ይላሉ። ታዲያ ዝም ባሉት አባታቸው ለምን ያፍራሉ? ብጠይቃቸው ማሞቂያዋን ትንሽ ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ትልቅ ስትሆኚ» አሉኝ። ትልቅ ሆኜም ገና አልገባኝም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እማዬ ፀጉሬን እየሠራችኝ ሳለ ስልኳ ጠራ። እጇ ፀጉሬ ውስጥ ስለነበር ስፒከር አደረገችው። የእማማ አብረኸት ልጅ ነበረች፤ የእማዬ ቁጥር እንዲህ ላለ ቀን ተብሎ የተሰጣት ናት። ሴትዮዋ ብዙ አልተናገረችም። እናቷ ረቡዕ ማረፋቸውን፣ ለአባባ ደግሞ በስልክ እንዳይነገር ነገረችን።

እማዬ ጉንጉኑን ሳትጨርስ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች።

«ሰምተሻል አይደል? ለአባባ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ለምን?»

«መርዶ እንደዚያ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ ቤታቸው ሄደው ነው የሚነግሯቸው። ብቻቸውን እያሉ ቢሰሙና አንድ ነገር ቢሆኑስ? ልባቸው ደካማ ነው።»

«ነገ?»

«ነገ ሁሉም ሺፍት አለው፤ ዋይት ሴንተር የሚኖረውም ቡሪየን የሚኖረውም። ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚገናኙት። ሶ እስከዚያ ምንም አልሰማሽም። ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኩ።

ሁለት ቀን ምንም አይደለም ብዬ ነበር። እኔ እኮ ዝም ማለት የማውቅ ልጅ ነኝ። ግን የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ሃብቴ ፓስታ ሠርተውልኝ ጠበቁኝ። በየት በኩል እንደማያቸው ጠፋኝ። ዓይናቸው አያየኝም፤ እኔ ግን ፊቴን አዙሬ ነበር የምበላው።

ሲመሽ መብራቱን አጠፉ፤ ማሞቂያዋን ሰኩ። ዝናብ ነበር። ሌላ ነገር እንዲያወሩ ብጸልይም ያንኑ የአባታቸውን ታሪክ ጀመሩ፤ ምናልባት እኔ ዝም ስላልኩ የሚያስደስቱኝ መስሏቸው ይሆናል። መጥረጊያው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ዛሬ አትጠይቂኝም?» አሉኝ።

«ምን?»

«ሄዱ ወይስ ቀሩ ብለሽ። ሁልጊዜ ታደርቂኝ የለ?»

 ከታች ባቡሩ ሲቆም ይሰማል።

«እንግዲያው ቅዳሜን አንጠብቅም» አሉ። ድምፃቸው ተጫዋች ነበር። «እዚያ ነግቷል፤ አብረኸት ለጸሎት ትነሣለች። ደውዪላት። ዛሬ አንቺ ዳኛ ትሆኛለሽ፤ የሁለታችንንም ሰምተሽ ትፈርጃለሽ። የፈረድሽበት ከእንግዲህ አይከራከርም።»

ስልኩን ዘረጉልኝ። ማሞቂያዋ ፊቴን ታቃጥለው ነበር። አልደውልም ብላቸው ለምን ይሉኛል። ብደውል ልጃቸው ታነሣለች፤ ወይም የለቅሶው ጩኸት ይሰማል፤ አባባም መርዷቸውን ከስፒከር ይሰማሉ፣ ብቻቸውን፣ ከአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ጋር። እማዬን ኮል ለማድረግ አሰብኩ፤ ሥራ ላይ ስልኳን አታነሣም።

ቁጥሩን መምታት ጀመርኩ። በቃሌ ነው የማውቀው። የመጨረሻው ቁጥር ላይ ስደርስ ጣቴን አነሣሁ። አንዱን አስቀረሁት።

ስልኩ ዝም አለ። ትንሽ ቆየሁና ዘጋሁት።

«ቢዚ ነው አባባ» አልኩ።

አባባ ሃብቴ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ቢዚ እንዲያ አይልም» አሉ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። አሁንም የመጨረሻውን አስቀረሁ። በዚህ ጊዜ ለመዝጋት አልቸኮልኩም፤ የሚያምኑኝ መስሎኝ። ዝምታው ረዘመ። እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው ነበር፤ ልክ እንደ ሐኪም።

«መስመሩ ሲበላሽ ይንሿሿል» አሉ ቀስ ብለው፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስላሉ። «ሰው ከሌለ ይጠራል። ይሄ አልተበላሸም። ይሄ መስመር ቁጥር እየጠበቀ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እንደማያዩኝ አውቃለሁ፤ ግን አዩኝ። እኔ ተሳስቼ እንደማላውቅ፣ ያን ቁጥር ስንት ቅዳሜ ያለ ስህተት እንደመታሁት እሳቸውም ያውቃሉ።  አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እሳቸው ቀደሙኝ። ስልኩን ከእጄ ወስደው ዘጉትና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ተዪው» አሉ። «አብረኸት ትተኛ።»

 ቆይተው ተነሡና ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር። የሚታጠብ ዕቃ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ሳህኖቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሲመለሱ እጃቸው ደረቅ ነበር። የሂሳብ የቤት ሥራዬን እንድጨርስ አዘዙኝ። እማዬ ልትወስደኝ ስትመጣ «ጎበዝ ልጅ ናት፤ ምንም አላስቸገረችኝም» አሏት። ዓርብ እለትም እንደ ወትሮው ፓስታ ሠሩልኝ። ታሪክ ግን አላወሩም።

ቅዳሜ ሳይነጋ እማዬ ቀሰቀሰችኝ። ብቻዬን ልትተወኝ ስለማትችል ይዛኝ ሄደች። ሦስት ሽማግሌዎች ኮሪደሩ ላይ በሹክሹክታ ይነጋገሩ ነበር፤ አንዱ ከሌሊት ታክሲው ገና መውረዱ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። አንኳኩ። አባባ ሃብቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እንቅልፍ እንዳሸነፈው ሰው እየተንገዳገዱ ከፈቱ።

«ምነው፣ ምነው በጠዋቱ? ደህና ናችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ገቡ። አስቀመጧቸው። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ሰው ስለ ዕድሜ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ሄደው «እንግዲህ ይበርቱ፤ እኅትዎ አርፈዋል» አሉ። አባባ ሃብቴ ጮኹ። ደረታቸውን መቱ። የእኅታቸውን ስም እየጠሩ፣ የልጅነታቸውን እያወሱ አለቀሱ፤ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ይዘዋቸው እነሱም አለቀሱ። እማዬ ነጠላዋ ውስጥ ፊቷን ሸሸገች።

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የመኝታ ክፍላቸውን አየሁ። አልጋቸው እንደተነጠፈ ነው። ማንም አልተኛበትም። ምድጃው ላይ ደግሞ ትልቁ ድስት፣ ለብዙ ሰው ሻይ የሚፈላበት፣ ውኃ እንደሞላ ተጥዷል። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

ያ ሁሉ ልቅሶ ውሸት ነበር? አይመስለኝም። እንባቸው ጋቢያቸውን አርሶት ነበር። ግን ሁለት ሌሊት ሙሉ እንባቸውን የት አስቀምጠውት ነበር?

ለለቅሶ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶት ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ስለ ወላጆቻቸው ጠየቃቸውና የአባታቸውን ነገር ማውራት ጀመሩ፤ ግመሉን፣ ምሰሶውን፣ ኳኳታውን። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ለሰው ውኃ በብርጭቆ እቀዳ ነበር። መጥረጊያው ጋ ሲደርሱ እጄን አቆምኩ።

«መጥረጊያውን ጥለው ሄዱ» አሉ አባባ ሃብቴ። «ሚስቴን ምጥ ይዟታል ብለው ፈቃድ ጠየቁ። በጨለማ ሄደው ነገሯቸው። ወታደሮቹ ያገኙት ሽማግሌና ዶሮ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው። እሳቸው አልሳቁም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ሌላ ሳምንት ላይ፣ እንደምንም ድፍረት አገኘሁና «አባባ፣ አልሄዱም ብለውኝ ነበር እኮ» አልኳቸው።

«አብረኸት ናት በደንብ የምታውቀው» አሉኝ። «እኔ ያኔ ትንሽ ነበርኩ።»

ትልቁ እሳቸው ነበሩ። ይህን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ደግሜ አልጠየቅኩም።

አሁን አባባ ሃብቴ ልጃቸው ጋ ናቸው፤ አልፎ አልፎ በስልክ እናወራለን። የቴሌግራሙን ነገር ለትምህርት ቤት ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ ምሰሶው፣ ግመሉ፣ እጀታ ያለው ስልክ፣ ማማው በቀላሉ ተጻፉልኝ። አባታቸው ሄዱ ወይስ ቀሩ የሚለው ላይ ስደርስ ግን ብዕሬን አስቀመጥኩ። አንዳንዴ ሄደዋል እላለሁ፤ እማማ አብረኸት እንዲያ ሲሉ ድምፃቸው እርግጠኛ ነበርና። አንዳንዴ ደግሞ ሰው በአባቱ ላይ የሚያሳፍር ነገር ለምን ይፈጥራል ብዬ ቀርተዋል እላለሁ። ምናልባት ሁለቱም ልጆች የሰሙት የየራሳቸውን ነው። አላውቅም።

ባለፈው ወር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ መኪናውን ፓርክ ካደረገች በኋላ ሳትወርድ ተቀመጠች።

«የዚያን ጊዜ» አለች፣ «የእማማ አብረኸት መርዶ ጊዜ፣ አባባ ቀድመው ያወቁ ይመስለኛል። በሩን ሲከፍቱ ጫማ አድርገው ነበር። አንቺ አልነገርሻቸውም አይደል?»

መስታወቱ ላይ ዝናቡ ይወርድ ነበር። አፌ ላይ ብዙ ነገር መጣ።

«አልነገርኳቸውም» አልኩ።

እውነት ነው። አንድም ቃል አልነገርኳቸውም። ግን ስናገረው ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፤ ልክ ሲዋሹ እንደሚግለው።